ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ፍሬ

የአዋሽ ወንዝ ከጊንጪ አካባቢ ከደጋው ምድር ይነሣና 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ፣ በጅቡቲ ጠረፍ ባለው በአቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ያልቃል። በመንገዱ ላይ በስሙ የተጠራችውን የአዋሽን ከተማ በጥልቅ ገደሉ ሥር ያልፋል፤ ወደ ታችም ወርዶ የአፋር ክልል መቀመጫ የሆነችውን የሰመራን አካባቢ፣ ሎግያንና ዱብቲን ያጠጣል። ፀሐይ ድንጋዩን በምታቃጥልበት በዚያ አገር ውሃ ያገኘ ሰው ሕይወት አገኘ ይባላል እንጂ ከውሃው ጉዳት ይመጣብኛል ብሎ የሚያስብ የለም። እረኛው ከብቱን እያጠጣ ይታጠባል፤ ሕፃናትም ከቦዩ ውስጥ ገብተው ይዋኛሉ፤ እናትም ልብስ ስታጥብ እስከ ጉልበቷ ድረስ ከውሃው ትቆማለች።

ነገር ግን ሰውን የሚያጠጣው ይኸው ውሃ ደዌን ደግሞ ሊሸከም ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ታሪካቸውን የምናወሳላቸው ሰው፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ ከውሃ የሚገኘውን ይህን ደዌ ለማጥፋት ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ናቸው። ስማቸው በአዲስ አበባ ከምርምር ተቋማቸው ጋር፣ በውጭ አገርም በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ይጠራል፤ ሥራቸው ከአዋሽ ሸለቆ ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ ግን ከእንዶድ ታሪካቸው ያነሰ ይነገራል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት በ1935፣ ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረበት ዓመት ነው። ካደጉ በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው በመጨረሻ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሕዝብ ጤና ጥበቃ ተምረው የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። በ1964 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዕድሜያቸው ገና ከሠላሳ አልደረሰም ነበር። የተማሩት ሁለቱን ጥበባት ባንድነት የሚያይ ትምህርት ነበር፤ ይኸውም የነፍሳትን፣ የትልንና የቀንድ አውጣን ጠባይ ከሚመረምረው ከተፈጥሮ ሳይንስ ጋር የሰውን ሕማም የሚመረምረውን ሕክምና ያጣመረ ማለት ነው። ሐኪም በሽተኛው እስኪመጣ ድረስ በቤቱ ሆኖ ይጠብቃል፤ እንዲህ ያለው ተመራማሪ ግን በሽታው ከሚነሣበት ከወንዙ፣ ከረግረጉና ከዋሻው ድረስ ይሄዳል። በኋላ በወሎ በኩታበር ገደላማ ስፍራ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ በሽታ የመረመሩት በዚሁ መንገድ ነው።

የተነሡበት ዋናው ደዌ ግን ቢልሃርዝያ ነው። ይህ በሽታ ስሙን ያገኘው በ1851 በካይሮ ሆኖ ትሉን በሰው ሬሳ ውስጥ ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በሽታው ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማል፤ በግብፅ ከሺህ ዓመታት በፊት በመድኃኒት ተገንዘው በቆዩ ሬሳዎች ውስጥ የትሉ እንቁላል ተገኝቷል። የአካሄዱም ነገር የሚያስደንቅ ነው። ወንዱና ሴቲቱ ትል በሰው የደም ሥር ውስጥ ተጣብቀው ለዓመታት ይኖራሉ፤ ሴቲቱም እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ ከፊሉ ከሰገራ ወይም ከሽንት ጋር ይወጣና ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ደቂቅ ፍጥረት በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚስማማውን ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል፤ ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው ሥጋ ውስጥ እየተባዛ አንዱ ብዙ ሺህ ይሆናል። እነዚያም ከቀንድ አውጣው ወጥተው በውሃው ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ እግሩን ከውሃው ያስገባውን ሰው ቆዳ በስተው ይገባሉ። ሰውየው ምንም ቁስል አያይም። ከብዙ ወራትና ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን በሰውነቱ ውስጥ የቀረው እንቁላል ጉበቱን ያደነድነዋል፤ ሆዱም ይነፋል፤ ወይም ሽንቱ ደም ይሆናል። ሕፃንም ከሆነ ይገረጣል፣ ዕድገቱ ይቀጭጫል፣ ትምህርትም አይገባውም።

እንግዲህ ከዚህ ዙር ውስጥ አንዱ ሰንሰለት ቢበጠስ በሽታው ይቆማል። በዚያ ዘመን ትሉን የሚገድለው መድኃኒት ለሕሙሙም የሚከብድ ስለ ነበረ፣ ብዙ ሊቃውንት ዓይናቸውን የጣሉት በቀንድ አውጣው ላይ ነው። ቀንድ አውጣን የሚገድል ኬሚካል በአውሮፓ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ዋጋው ግን የገበሬ መንደር ቀርቶ የአንድ ድኻ መንግሥት ግምጃ ቤት የሚችለው አልነበረም።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ በሽታው ወደ ጸናባት ወደ ዐድዋ ሄደው ቀንድ አውጣ በየወንዙ እየፈለጉ ይመረምሩ ነበር። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ፣ በወራጁ ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ ይልቅ በዝተው አገኙ። ይህን ሌላ ሰው ቢያየው ምናልባት ዐልፎት ይሄድ ነበር። እርሳቸው ግን ቆመው ጠየቁ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በሳሙና አልነበረም፤ የደረቀውን የእንዶድ ፍሬ ወቅጠው በውሃ በጥብጠው በአረፋው ነበር እንጂ። ሕይወት ያላቸውን ቀንድ አውጣዎች በዕቃ አድርገው ከአረፋው ጥቂት እንዲያፈስሱባቸው አጣቢዎቹን ቢለምኗቸው፣ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እንዶድ ምን እንደ ሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር ትርፍ ነገር ይመስላል። ሳሙና ከመምጣቱ በፊት የአያቶቻችን ጋቢና ነጠላ ለጥምቀትና ለፋሲካ የነጣው በእርሱ ነው። በደጋና በወይና ደጋ በአጥር ላይ ይሳባል፤ ፍሬውም እንደ ወይን ዘለላ ነው። ከብት አይበላውም፤ ምሬቱም የታወቀ ነው። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፦ ፍሬው ሳይወቀጥና ከውሃ ጋር ሳይገናኝ ቀንድ አውጣ የሚገድለው ኃይሉ አይገለጥም። ይህንም ኋላ የኬሚካል ሊቃውንት በብዙ ድካም አረጋገጡት። የዐድዋ ሴቶች ቀንድ አውጣ እንገድላለን ብለው ባያስቡም፣ አወቃቀጡንና አበጣበጡን ከእናቶቻቸው ተቀብለው ያውቁት ኖሯል።

ዶክተር አክሊሉ ያዩትን በዐይን ብቻ አምነው አላወሩትም። ፍሬውን ወደ አዲስ አበባ አምጥተው በላቦራቶሪ ልክ እየለኩ ፈተኑትና የመጀመሪያውን ውጤት በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1966፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ መሪውም ሆኑ። ይህ ተቋም ኢትዮጵያውያን የአገራቸውን በሽታ በአገራቸው ሆነው የሚመረምሩበት ስፍራ ሆነ። በአሜሪካም የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ከእንዶድ ውስጥ ገዳዩን ንጥረ ነገር ለይተው ሲያወጡ ስሙን ለማቶክሲን አሉት፤ በአግኚው አባት ስም መሆኑ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ከላቦራቶሪ ወጥቶ ወደ ሕዝብ ሄደ። በጠርሙስ ውስጥ ያለ ቀንድ አውጣ መግደል አንድ ነገር ነው፤ የከተማን በሽታ መቀነስ ሌላ ነው። ከ1969 እስከ 1974 ባለው ጊዜ በዐድዋ ወንዞች ላይ የተወቀጠ እንዶድ በየጊዜው እየተጨመረ ሕዝቡ ተመረመረ። በአምስቱ ዓመት ውስጥ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። በሌሎቹም ዕድሜዎች በሽታው ቀነሰ፤ ነገር ግን የታመነው ምስክር ሕፃናቱ ናቸው፤ ምክንያቱም ዐዋቂው የቆየ ትል በደሙ ይዞ ሊኖር ይችላል፤ ሕፃን ግን ካልተያዘ ውሃው እንደ ነጻ ያሳያል።

አሁን ወደ አዋሽ እንመለስ። ዐድዋ የምንጭና የትንሽ ወንዝ አገር ነች። አዋሽ ግን በዚያው ዘመን ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። በ1954 በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በ1960 የቆቃ ግድብ ተሠራ፤ በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያም በመተሐራ ሸንኮራ፣ በአሚባራና በተንዳሆ ጥጥ ተተከለ። ቀድሞ በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚጎድለው ወንዝ በቦይ ተከፋፍሎ ዓመቱን ሙሉ በዝግታ የሚፈስስ ሆነ። ቀንድ አውጣ ደግሞ ጎርፍን አይወድም፤ ሣር የበቀለበት ዝግተኛ ውሃ ግን ቤቱ ነው። ለሸንኮራው ቆረጣና ለጥጡ ለቀማ ከደጋ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ወረደ፤ ከመካከላቸውም በሽታውን ከአገራቸው በሆዳቸው ይዘው የመጡ ነበሩ። በየካምፑ የሚበቃ መጸዳጃ አልነበረም። ቀንድ አውጣው ከቦዩ ውስጥ ቆየ፤ ትሉ ከሠራተኛው ጋር መጣ፤ ሁለቱም ተገናኙ።

የአፋር ሕዝብ ደግሞ በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ደረሰበት። በበጋ ከብቱን የሚያግጥበት የወንዝ ዳር ሣር ለእርሻ ተወሰደ፤ የቀረውም የውሃ ስፍራ የተጠበቀ አልነበረም። እንጀራ ይገኝበታል ተብሎ የተቆፈረ ቦይ በአንድ በኩል እንጀራውን አመጣ፤ ደዌው በሌላ በኩል መጣ። ይህን ስንል መስኖ አይገባም ማለታችን አይደለም፤ ወንዙን የሚለካው መሐንዲስ ቀንድ አውጣውን የሚቆጥረውን ሰው አብሮ ይዞ መምጣት ነበረበት ማለታችን ነው።

ዶክተር አክሊሉና ሄልሙት ክሎስ የተባለው የመልክዓ ምድር ሊቅ ይህን በሸለቆው መርምረው፣ በአዋሽ የመስኖ እርሻዎች ስላለው ቢልሃርዝያ የጻፉትን ጥናት በ1977 በአሜሪካ የሐሩር በሽታዎች መጽሔት አወጡ። ከዚህ ምርምር የታየው፣ አንድ ወንዝ አንድ ዓይነት በሽታ ብቻ እንደማይሸከም ነው። አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ቢልሃርዝያ በላይኛው ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሐራ ቦዮች ዘንድ ይገኛል። ሽንትን ደም የሚያደርገው ዓይነት ግን ወደ ታች፣ በገዋኔ በኩል ባሉት ረግረጎች አካባቢ የአፋርን ሰው ያገኘዋል። ምክንያቱም ሁለቱ ትሎች የሚያድሩባቸው ቀንድ አውጣዎች የተለያዩ ናቸው፤ የፊተኛው ቀንድ አውጣ የታችኛውን ሸለቆ ብርቱ ሙቀት አይችልም፤ የኋለኛው ይችለዋል። ስለዚህ በአዋሽ ከተማ የሚኖር ሰውና በሰመራ የሚኖር ሰው አንድ ወንዝ ቢጠጡም ሊፈሩት የሚገባቸው ነገር አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ የእንዶድም ድካም ይታያል፤ መልካሙን ብቻ አውርቶ ድካሙን መሸሸግ ለሊቁ ክብር አይሆንም። እንዶድ የደጋ ተክል ነው፤ በአፋር በረሃ አይበቅልም። ኃይሉም በውሃ ውስጥ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም፤ ይህ ለሚጠጣው ሰውና ለከብቱ ደግ ሲሆን ለሥራው ግን ችግር ነው። የቀንድ አውጣውን እንቁላል ስለማይገድል መላልሶ መጨመር ያስፈልጋል። ዓሣንም ይገድላል። ለዐድዋ ምንጭ በቂ የሆነው ጆንያ፣ ኪሎ ሜትር ለኪሎ ሜትር ለሚዘረጋ የመስኖ ቦይ ምን ያህል እንደሚበዛ መገመት አይከብድም። ስለዚህም ደጋው እንዶድን እንደ ሰብል አምርቶ ቆላው የሚገዛበት መንገድ ያስፈልግ ነበር። በዚህ ረገድ የተክሉ ሊቅ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ታላቅ ሥራ ሠሩ፤ ከየአገሩ የእንዶድ ዓይነት ሰብስበው ተክለው እያነጻጸሩ፣ ፍሬው የሚበዛውንና ኃይሉ የሚበልጠውን መረጡ።

በ1976 ዶክተር አክሊሉ ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ሥራ ገቡ፤ በኋላም በኢጣልያ በፍሎሬንስ ባለው በሕፃናት መርጃ ድርጅቱ ማዕከል አገለገሉ። እንዶድን ግን አልተዉትም። የሕይወታቸው ከባዱ ክፍል ይህ ነው ብንል አንሳሳትም፤ ግኝቱ የጥቂት ቀን ነገር ሲሆን ማሳመኑ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎች በኢትዮጵያ የተደረገውን ፈተና አልተቀበሉትም፤ መርዝነቱ በታወቁ ላቦራቶሪዎች በአዲስ ሥርዐት እንደ ገና ይመርመር አሉ። ይህ ጥያቄ በራሱ ክፉ አይደለም። ሕዝብ በሚጠጣው ውሃ ላይ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት፤ ከሴት አያቶች የመጣ ስለ ሆነ ብቻ ሳይፈተን ይለፍ የሚል ካለ እርሱ ሳይንስን አያውቅም። ጥፋቱ ሌላ ነው። እንደ ገና ይመርመር የሚሉት፣ ለመመርመሪያው ገንዘብ ቶሎ የሚሰጡ አልነበሩም፤ ድኻው አገር ደግሞ የሚጠየቀውን ዓይነት ላቦራቶሪ ለመሥራት አቅም አልነበረውም። ዳኛው ምስክር አምጣ እያለ ምስክሩ የሚመጣበትን በር የዘጋ ያህል ሆነ። በመጨረሻ የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ወጪውን ችሎ ምርመራው ተደረገ፤ እንዶድም ለዚህ አገልግሎት ሲውል የሚያሰጋ ጉዳት እንደሌለው ታወቀ። እስከዚያው ድረስ ስንት ሕፃን በስንት ቦይ ገብቶ እንደ ዋኘ የቆጠረ የለም።

በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ በስዊድን የሚሰጠውን፣ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት ባንድነት ተቀበሉ። አንዱ የደዌውን፣ ሁለተኛው የተክሉን ጥበብ ይዘው አብረው መሸለማቸው ደስ የሚያሰኝ ነው።

ከዚያም በ1990 ገደማ ያልታሰበ ነገር ተከተለ። ዶክተር አክሊሉ በአሜሪካ በኦሃዮ ወደሚገኘው ወደ ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ሳለ፣ የዚያ አገር ሰዎች ከአውሮፓ በመርከብ ተሸክሞ በመጣ፣ የሜዳ አህያ ዓይነት ዥንጉርጉር ቅርፊት ባለው የውሃ ፍጥረት ተቸግረው ነበር። ይህ ፍጥረት በታላላቆቹ ሐይቆች ውስጥ በዝቶ የውሃ ማስገቢያ ቧንቧዎችን ይደፍን ነበር። እንዶድ ቢሞከርበት ሞተ። ዩኒቨርሲቲውም በዚህ አጠቃቀም ላይ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ከዚህም የተነሣ በዓለም ሁሉ ክርክር ሆነ፤ ፍሬውን ዘመናት ሙሉ ሲወቅጡ የኖሩት ሴቶችና አገራቸው ከዚህ መብት ምን ድርሻ አላቸው ተባለ። እንዶድ ለድኻ ሕፃናት ጉበት ሲለመንለት ሃያ ዓመት ሲያስጠብቅ፣ ለሀብታም አገር ቧንቧ ግን ወዲያው ጠበቃ አገኘ።

ዶክተር አክሊሉ መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በአውሮፓውያን ሚያዝያ 5 ቀን 1997፣ በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። የመሠረቱት ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ ተማሪዎቹም ወደ አዋሽ ሸለቆና ወደ ሌላው አገር እየወረዱ ቀንድ አውጣና የሕፃናትን ሰገራ ይመረምራሉ። ዛሬ በኢትዮጵያ ቢልሃርዝያን ለመከላከል የሚደገፉበት ዋናው ነገር ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ነው፤ በትምህርት ቤት ለሕፃናት ይታደላል፤ ትሉንም ይገድላል። ክኒኑን የዋጠ ሕፃን ግን በማግሥቱ ወደዚያው ቦይ ተመልሶ ቢገባ እንደ ገና ይያዛል፤ ክኒኑ ከቀንድ አውጣው ጋር ነገር የለውምና። ስለዚህ የቀንድ አውጣው ነገር ዶክተር አክሊሉ ባነሡት ጊዜ እንደ ነበረ ገና አላለቀም። በወንጂና በመተሐራ ቦዮቹ አሁንም ይፈስሳሉ፤ እንዶዱም በደጋው አጥር ላይ ያፈራል።